እጄ ነግሮኛል

«ለመሆኑ እርስዎ ራስዎ ሳይክል ይነዳሉ?»

ብስክሌተኛዋ መሐንዲሱን መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንን ነው። ገና ስሙን እንኳ ሳትጠይቀው!

እሱ አንገቱን ደፋ። ከአሮጌ ጎማ የሚሠሩ፣ እርስ በርስ የሚገጣጠሙ፣ በዝናብ የማያንሸራትቱ የመንገድ ንጣፎችን የነደፈው እሱ ነው። ሳይክልም፣ ጋሪም፣ ተሽከርካሪ ወንበርም እንዲያልፍበት ብሎ የሚሠራበትን ወርክሾፕ ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች አልብሶታል። ግን...

«አልነዳም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚዛን መጠበቅ እምቢ አለኝ።»

«ጉድ ፈላ! ዋና የማይችል ጀልባ ሠሪ!»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ቀድሞ ዓይኑን የሚነቅል ጠፋ።

እሷ ተወዳዳሪ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትለፋለት ለኖረችው ትልቅ ውድድር ዘንድሮ ተመርጣለች። ወርክሾፑ የቀጠራት ንጣፉን እንድትሞክርለት ነበር። እሱ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፈስበታል፣ እሷ ትወርዳለች፣ ፍሬን ትይዛለች፣ እሱ ሜትሩን ዘርግቶ ይለካል። ስትጨርስ ፎጣ ይዞ ይጠብቃታል። እንዲህ እንዲህ እያለ «እርስዎ» ቀረና «አንተ» መጣ፤ ከ«አንተ» ወዲያ ያለውን ደግሞ ልብ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ወርዳ ስታበቃ ከሳይክሉ አልወረደችም።

«መሪው ይንቀጠቀጣል» አለችው።

«የቱ ጋ?»

«መሃል ላይ። መጋጠሚያዎቹ በተከታተሉበት መስመር። ትንሽ ነገር ነው... ግን እጄ ነግሮኛል።»

መሣሪያዎቹን ይዞ ተንበረከከ። ለካ፣ ደግሞ ለካ። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ጉንጯን ነካት።

«ምንም የለውም፣ የኔ ፍቅር። ለክቼዋለሁ። እመኚኝ።»

አመነችው። የሚወዱትን ሰው አለማመን እንዴት ይቻላል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግሥቱ ሲዘንብ ዋለ። በሙሉ ፍጥነቷ ወረደች። መሃል ላይ ስትደርስ የፊተኛው ጎማ መጋጠሚያው ውስጥ ገባና ተያዘ። ሰማይና ምድር ቦታ ተለዋወጡባት። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው የእሱን ጩኸት ብቻ ነው።

«በእግርሽ ትሄጃለሽ» አላት ሐኪሙ ጉልበቷን አይቶ። «ውድድሩን ግን እርሺው።»

መሐንዲሱ ሆስፒታል መጣ። ሲገባ ስታየው እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች፣ እንዲይዝላት። እሱ ግን በብብቱ የያዘውን ንጣፍ አልጋዋ ላይ አስቀመጠ።

«አገኘሁት! ጥፋቱን አገኘሁት! መጋጠሚያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ነው የገጠሙት፤ ቀጭን ጎማ ይይዛሉ። እንደ ግንብ ድንጋይ ማፈራረቅ ነበረብኝ!»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። «ሕመሙ እንዴት ነው እንኳ አላልከኝም።»

ንጣፉን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። ነርሷ ትሆናለች፣ ወይ ታናሽ ወንድሟ።

«ተይው እትዬ» ይላታል ወንድሟ። «የሚፈልግሽ እግርሽ ደህና ሳለ ነበር።»

መጀመሪያ ተቆጣችው። በመጨረሻ ሆድ ባሳትና አመነችው። ወንድሟ በሚኖርበት ከተማ ጀማሪ ብስክሌተኞችን የሚያሠለጥን ሰው ይፈለግ ነበር፤ እሺ አለች።

በሚሄዱበት ቀን ያካፋ ነበር።

«ሄልሜቴ ወርክሾፕ ቀርቷል» አለችው ወንድሟን። «ላይኛው በር ጋ አውርደኝና ታች መኪና ማቆሚያው ጋ ጠብቀኝ።»

በክራንች እያነከሰች ገባች። ሄልሜቷን ከመስቀያው አንሥታ ልትወጣ ስትል ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ቆማ ቀረች። መሐንዲሱ ሳይክል ላይ ነው! ወዲያ ወዲህ እያለ ወርዶ ታች ሲደርስ በሁለት እግሩ መሬት ነክቶ ቆመ። ቀና ሲል አያት። ሳይክሉን እየገፋ፣ እያለከለከ ወደ እሷ ወጣ። ክርኖቹ ተገሽልጠዋል፣ አገጩ ላይ ፕላስተር አለ።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው?»

«ተማርኩ» አለ። «ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ እየወደቅሁ ተማርኩ። ከዚያ ንጣፉን እንደ ድሮው ገጣጥሜ ወረድኩበት።» መዳፉን መሪው ላይ አሳረፈ። «ይንቀጠቀጣል። እውነትሽን ነበር። መሣሪያው ያልሰማውን እጅሽ ሰምቶት ነበር። ይህን ሳላውቅ... በምን ዓይኔ ልይሽ?»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔ እኮ... እግሬ ስለተጎዳ የተውከኝ መስሎኝ!»

«አንቺን? እኔ?» አለ። «አሁን ንጣፎቹን በሙሉ እንደገና አፈራርቄ ዘርግቻቸዋለሁ። አትሂጂብኝ። እንጋባ።»

ስትወደው፣ ስትወደው፣ ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ።

«እወድሃለሁ» አለችው። «ግን ሳነክስ ባየኸኝ ቁጥር ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው። እኔም በየቀኑ ይቅር ልልህ ነው። ይሄ ትዳር አይሆንም... ችሎት ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እጄ ነግሮኛል።»

በዚህኛው ጊዜ ልለካው አላለም። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ከንፈሩን ነክሶ አመናት።

«አውርደኝ» አለችው በመጨረሻ። «ወንድሜ ታች ነው።»

ሄልሜቱን እሱ ራስ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን አጠበቀችለት። ከኋላ የዕቃ መጫኛው ላይ ክራንቿን ይዛ ተቀመጠችና ወገቡን አቀፈችው። ካፊያው ፊታቸውን እየመታው ወረዱ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጎማው ግን መሃሉን አልፎ ንቅንቅ አላለም።

«ጥሩ መንገድ ነው» አለችው ጉንጯን ጀርባው ላይ አድርጋ።

ታች ሲደርሱ ክንዷን ይዞ አወረዳት። ግንባሯን ሳማት። ወንድሟ ምንም ሳይናገር የመኪናውን በር ከፈተላት።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞራ አየችው። ሳይክሉን እየገፋ ዳገቱን ጀምሮ ነበር።

«እትዬ፣ ሄልሜትሽስ?» አላት ወንድሟ።

«ለእሱ ተውኩለት» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ገና ጀማሪ ነው።»