ሚሬና የወፎቹ ድርሻ

ሚሬ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ኮሪያ ውስጥ፣ ተራራ ሥር ባለች መንደር፣ ከአያቶቿ ጋር ነው። መኸር ሲያልቅ አያቶቿ ጋም የሚባለውን ፍሬ ከዛፉ ያወርዳሉ። ልጠው በገመድ ያስሩትና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ይሰቅሉታል። ጋም ሳይደርቅ አፍ ያጨማድዳል። ነፋስ ሲያደርቀው ግን ማር ማር ይላል! ለብርዱ ወራት የሚቀመጠውም እሱ ነው።

የዛፉ ጫፍ ላይ ያሉትን ሰባት ፍሬዎች ማንም አይነካም። በበረዶው ጊዜ ለሚርባቸው ወፎች የሚተዉ ናቸዋ!

"ይሄኛው ገመድ ለገና ነው፤ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች" አሉ ሴት አያቷ። "እስከዚያ እጅሽን ሰብስቢ!"

"እሺ፣ እማማ።"

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ሚሬ ደጅ ላይ ብቻዋን ነበረች። የገናው ጋም ለስልሶ ተንጠልጥሏል።

"አንድ ብቻ ልቅመስ" አለች። ቀመሰች። ሲጣፍጥ! ልጆቼ፣ "አንድ ብቻ" የምትባለዋን ታውቋታላችሁ አይደል? ብቻዋን መጥታ አታውቅም። ሚሬ አምስት ፍሬ በላች። ገመዱ ላይ የቀረው እንደ ቆብ ያለው የፍሬዎቹ ቅጠል ብቻ ነበር።

ወንድ አያቷ ከእርሻ ሲመለሱ ገመዱን አዩ።

"ማነው ይህን ያደረገው?"

"ወ... ወፎቹ ናቸው፣ አባባ!"

"ወፎቹ? በየዓመቱ የምናበላቸው? የበሉበትን ወጪት ሰባሪዎች! ዘንድሮ ድርሻ የሚባል ነገር የለም!" ረጅሙን መንጠቆ አንሥተው ወደ ዛፉ ሄዱ።

ወፎቹ ጣሪያው ላይ ተደርድረው ያያሉ። ሚሬ ቀና ብላ አየቻቸው። በረዶው ሲመጣ ምን ሊበሉ ነው? በጣም አዘነችላቸው። መንጠቆው የመጀመሪያውን ፍሬ ሊነካ ሲል ጮኸች።

"አባባ፣ ይተዉት! እኔ ነኝ የበላሁት! አምስቱንም!" አለችና አለቀሰች።

እማማ ከጓዳ ብቅ አሉ። "አምስት? ባንዴ? ይሄ ሆድ ነው ጎተራ?"

"ይቅርታ አድርጉልኝ።"

"እኛስ ይቅር ብለንሻል" አሉ አባባ መንጠቆውን አውርደው። "ስም ያጠፋሽው ግን የወፎቹን ነው። እነሱንም ጠይቂያቸው።"

ሚሬ እንባዋን ጠረገች። ዛፉ ሥር ቆማ፣ ፊቷን ወደ ጣሪያው አዙራ፣ ለታላቅ እንደሚደረገው፣ ወገቧ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለች።

"ወፎቼ፣ ስለዋሸሁባችሁ ይቅርታ!"

ወፎቹ ተንጫጩ።

"ምን አሉ፣ አባባ?"

"'አምስቱን መልሺ' ነው የሚሉት!"

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ሚሬ ቅርጫት ውስጥ ሳይላጥ ከተረፈው ጋም አምስት ፍሬ መርጣ በገዛ እጇ ልጣ ሰቀለች። የዚያን ቀን ማታ ስትተኛ ልቧ ቀለላት።

ልጆቼ፣ ጥፋታችንን በሌላው ላይ ስናላክክ የሚቀጣው ምንም ያላጠፋው ነውና፣ "እኔ ነኝ" ለማለት አንፈር።