ቅንጃ የሌለው ጎሽ

የመዝገበ ቃላቱ ገጽ ግማሹ ተቀዷል፤ ደግነቱ ሐረግ የፈለገችው የእንግሊዝኛ ቃል ያለበት ወገን ተርፏል። «ጥንድ» ይላል። የተዋሰችውን የጨዋታ ካርድ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት አስጠጋችና ከሥዕሉ ግርጌ ያለችውን፣ የጉንዳን እግር የምታህል ጽሑፍ እንደገና ለቀመቻት። ጥቁሩ ጎሽ ነጩ ጎሽ ቀድሞ ካልተጣለ በቀር ጨዋታ አይገባም።

 ነጩን ጎሽ በመካነ ሰላም ያየው ሰው የለም።

ከትናንት በስቲያ ይህን ካርድ የገመተችው ራሷ ናት። ከክፍላቸው ጀርባ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወታሉ፤ እያንዳንዱ አንድ የአውሬ ካርድ ይጥላል፣ ጉልበቱ የበለጠው ያሸንፋል። እስከዚያ ቀን ከዘጠኝ በላይ ጉልበት ያለው አውሬ አልታየም። ዴስክ የምትጋራት የሻለም ወንድሟ ከደሴ ያመጣላትን ጥቁር ጎሽ ስታወጣ አሥራ ሁለት! ሐረግም እንደ በሬ ገማቹ አባቷ አደረገች፤ ቀንዱን አየች፣ ትከሻውን አየች፣ የአንገቱን ውፍረት አየች። «ስድስት ካርድ ያወጣል» ብላ ፈረደች። ጽሑፉን ዞር ብላም አላየችው። ማንስ ይጠይቃታል? የጥላሁን ልጅ ናት፤ ጥላሁን ሳያየው በሬ የሚገዛ ሰው በሰፈሩ የለም።

ያቺን ቃል በማመን የክፍላቸው ልጅ ሀጀራ በጎሹ ስድስት ካርዶቿን ልትሰጥ ተስማማች። ዓመት ከመንፈቅ ስትለቅም ያገኘችው ስድስት ብቻ ነው። ዛሬ ከሰዓት በእረፍት ይለዋወጣሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ የማይጣል ጎሽ ታቅፋ የሌላውን ጨዋታ ስታይ ልትውል ነው።

ሐረግ የሻለምን ከግቢው በር ላይ አግኝታ ነገረቻት። የሻለም አልደነገጠችም። ያኔ ነው ነገሩ ለሐረግ የገባት።

«ታውቂ ነበር?»

«ወንድሜ ነግሮኛል» አለች የሻለም ካርዱን እየተቀበለቻት። «እኔ ምን አልኩ? አፌን ከፈትኩ? የገመትሽው አንቺ። አሁን ተሳስቻለሁ ብትዪ ከእንግዲህ ማን ካርድ ይዞ አንቺ ጋ ይመጣል? የበሬ ገማች ልጅ ጎሽ ጣላት ይሉሻል፣ እስክንመረቅ አይለቁሽም። ዝም በይ፣ ይለፍ።»

ክፋቱ፣ እውነቷን ነው።

ለምሳ ቤት ስትገባ አባቷ ደጅ ተቀምጦ የቀንበር ጠፍር ይጠግናል። ስለ ካርድ ብትነግረው በወረቀት መጣላት ምን ይባላል ብሎ ይስቅባታል፤ ስለዚህ ከሩቅ ጀመረች።

«አባባ፣ በግምት ተሳስተው ያውቃሉ?»

«ስንቴ ብለሽ ጠይቂ እንጂ» አለች እናቷ ከጓዳ። «የአልታዬን በሬ ይንገርሽ እስቲ።»

ጥላሁን ሳቀና ነገራት። አልታዬ አንድ በሬ ነበረው፤ አብሮት የሚጠመድ ቅንጃ ሊገዛለት ጥላሁንን ይዞ ገበያ ወጣ። ጥላሁን አንድ ደንዳና በሬ አየና ውሰደው አለ። ከሌላ በሬ ጋር ተጠምዶ ያውቅ እንደሆነ ግን ሳይጠይቅ ቀረ። ለካ በሬው ለብቻው ሲሆን እንደ በግ ነው፤ ሲጠመድ ጓደኛውን ገፍቶ ገደል የሚከት ነው። ጥላሁን ይህን ከገበያ ሲመለስ ከመንገደኛ ሰማ። ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ አልታዬ ዘንድ ሄደ። የአልታዬ አማቾች በሙሉ ተቀምጠው ነበር፤ እነሱ ፊት ተናገረ።

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ውኃ እንኳ አላቀረቡልኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በእግሬ ተመለስኩ» አለና ጠፍሩን በጥርሱ ነክሶ ሳበው።

ከሰዓት በእረፍት ድንጋዩ ዙሪያ ልጆች ሞልተዋል። ሀጀራ ስድስቱን ካርዶች ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ደረደረቻቸው፣ አንድ በአንድም እያየች ተሰናበተቻቸው። ሐረግ ባትገምተው ኖሮ ወላሂ አንዱንም እንደማትሰጥ ለዙሪያው ሁሉ ተናገረች። የሻለም ጎሹን እንደያዘች ሐረግን ቀና ብላ አየቻት።

ሐረግ መዳፏን በስድስቱ ካርዶች ላይ አሳረፈች።

«አትስጪ ሀጀራ። ሳላነብ ነው የገመትኩት።»

ስለ ነጩ ጎሽ ነገረቻቸው።  የሻለም ታውቅ እንደነበር ግን አልጨመረችም።  ከዚያ ከኋላ የቆመው ውበቱ የሚባለው ልጅ፣ አፉ መቼም አያርፍ፣ «የጥላሁን ልጅ፣ ጥርሱን ገልጠሽ አላየሽውም እንዴ?» አለ። ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሀጀራም ሳቀች፤ እጇ ግን ካርዶቿን በፍጥነት ይሰበስብ ነበር።

«እና ስንት ያወጣል?» አለች ሻሿን እየቋጠረች።

«ነጩ እስኪመጣ አንድ። እሱም ለሥዕሉ።»

የሻለም ጎሹን ደብተሯ ውስጥ ከታ ሄደች። ደወሉ ተደውሎ ሐረግ ክፍል ስትገባ የየሻለም ቦርሳ ከዴስካቸው ላይ የለም፤ እሷም ኋላ ወንበር ላይ ከነሊድያ ጋር ተጣብባ ተቀምጣለች። አንድ ልጅ መጥቶ ክፍቱ ቦታ ላይ ሊቀመጥ ሲል ሐረግ «ሰው አለው» አለችው። ከዚያ ደብተሯን አወጣችና በራሷ ወገን ብቻ ዘረጋችው።