ወደ በርጩማው ያዘነበሉት ቡቃያዎች

ተመራማሪው የሞተው ሃያ ዓመት በሠራበት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የባቄላ ቡቃያዎች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ነው። መስኮት የለም፤ ጣሪያው ላይ አንዲት ቀይ አምፖል ትበራለች። ነጭ ካፖርቱ እንኳ በወጉ እንደተቆለፈ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «በረዶ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍር የለም። ሟቹን ለአፍታ ብቻ አየችው። ቡቃያዎቹ ላይ ግን ዓይኗን ተክላ ቀረች።

«የስኳር ሕመምተኛ ነበር» አለ ሐኪሙ። «ጠዋት መርፌውን ወግቷል፣ እህል ግን አልቀመሰም። ስኳሩ ወርዶ ነው የሞተው። አራት አምስት ሰዓት ሳይፈጅ አይቀርም።»

«ለክፉ ቀን ብሎ ከረሜላ አይዝም ነበር?»

«ኪሱ ውስጥ የሚይዛት ቆርቆሮ አለች። የተገኘችው ግን ከበሩ ውጭ፣ መደርደሪያ ላይ ነው።»

እንግዲህ ራሱ ሄዶ አላስቀመጣትም። ፖሊሱ ነገሩ አልቆለት ነበር፤ የክፍሉ ቁልፍ ያለው ሟቹና አሥራ አንድ ዓመት አብራው የሠራችው ቴክኒሻን ዘንድ ብቻ ነው። ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። ካቴናውን ቀድሞ አጥልቆላት ነበር።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቡቃያዎቹን አስገብቼ ወደ ማሳው ወጣሁ» አለች ቴክኒሻኗ። «ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ጋሼ ወድቀዋል። እኔ ከታሰርኩ ሁለቱን ልጆቼን የሚይዝልኝ ሰው የለም። ስለ እግዜር ብላችሁ!»

«ቡቃያዎቹ ስታስገቢያቸው እንዲህ ጎብጠው ነበር?»

ቴክኒሻኗ ገና አሁን ማየቷ ነው። «ኧረ በጭራሽ! ቀጥ ብለው ነው ያስገባኋቸው። ቀይ ብርሃን አያጎብጣቸውም። የሚያጎብጣቸው ሰማያዊው ነው፤ እሱን ካዩ ወደ መጣበት ያዘነብላሉ። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ አለ፣ የስልክም ውስጥ አለ። ስልካችንን ውጭ ሳጥን ውስጥ ጥለን የምንገባው ለዚህ ነው።»

«ይህን ያህል ለመጉበጥስ?»

«ሰዓታት ይፈጅባቸዋል።»

«አምፖሉ ሁልጊዜ ቀይ ነበር?»

«አይ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ነበር። ባለፈው ሳምንት ነው ጋሼ የቀየሩት።»

መርማሪዋ የቡቃያዎቹን አናት በዓይኗ ተከተለች። ያዘነበሉት ወደ በሩ አልነበረም፤ ጥግ ላይ ወዳለች በርጩማ ነው። ሄዳ ተቀመጠችባት። ከዚያ ሲታይ የሟቹ ፊት ልክ ከፊት ለፊት ነው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ባለ ቁልፍ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣል።

«ከእሱ ጋር ከተኳረፍን ዓመት ሆነን» አለ። «የገዛ ልጁ በተቀበረች ዕለት፣ አፈሩ ሳይደርቅ ወደዚያ አረንጓዴ ዋሻው ተመለሰ። ቡቃያ ይበልጥበታል? ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አሁን ማልቀስ አለብኝ አይደል? እምባዬ እንቢ አለኝ።»

የሟቹ ሚስት ቢሮው ውስጥ፣ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከለቅሶ ግን አይመስልም።

«እንቅልፍ የለዎትም?» አለቻት መርማሪዋ።

«ልጄ ከሞተች ወዲህ የለኝም። ስልኬን እያየሁ ነው የማነጋው።»

«ሰውንም እንቅልፍ የሚነሳው ያው ሰማያዊው ብርሃን ነው ይባላል። ዛሬ ወደዚህ መጥተው ነበር?»

«ከረገጥኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ። እዚያ ቀይ ጨለማ ውስጥ ምን አለኝ?» አለች፣ የአስቤዛ ዝርዝር የምታነብ ይመስል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበች። ፖሊሱ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ጠዋት ቀጥ ብለው የገቡ ቡቃያዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ በርጩማው ጎብጠው ተገኙ» ስትል ጀመረች። «ስለዚህ አንድ ሰው ስልኩን አብርቶ ለሰዓታት እዚያ ተቀምጧል። ከረሜላውን ይዞ፣ ሰውየው ሲሞት እያየ ማለት ነው። ቁልፍ አላስፈለገውም፤ ሟቹ ራሱ ከፈተለት። ሲወጣም በሩ በራሱ ተቆለፈ።»

«እሷም ብትሆን ስልክ ይዛ መግባት ያቅታታል?» አለ ፖሊሱ ወደ ቴክኒሻኗ እያመለከተ።

«አያቅታትም። ግን ቡቃያ ምን እንደሚመሰክር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ገዳይዋ እሷ ብትሆን የቡቃያዎቹን ትሪ አዙራ ነበር የምትሄደው። ሹፌሩ ደግሞ ክፍሉን አረንጓዴ አለው። ዓመት ሙሉ አላየውማ!» ወደ ሚስትየው ዞረች። «እርስዎ ግን ቀይ አሉት። ሦስት ዓመት እግሩ ያልረገጠ ሰው አምፖሉ ባለፈው ሳምንት መቀየሩን በምን ያውቃል?»

ሹፌሩ «እትዬ...» ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

ሚስትየው አልደነገጠችም። ስልኳን አብርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስክሪኑ ላይ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ትስቃለች።

«ዛሬ ከሞተች ዓመቷ ነው» አለች። «መቃብሯ ጋ እንሂድ ልለው መጣሁ። ላብ አጥምቆት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳላስበው ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ከረሜላውን ከኪሱ አወጣሁለት፤ ልሰጠው ነበር፣ እውነቴን ነው። ፎቶዋን ግን ቀድሜ አሳየሁት። ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ስልኩን አጥፊው፣ ቡቃያዎቹ ይጎብጣሉ› አለኝ።»



«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«ከዚያማ፣ አላጠፋሁትም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከቴክኒሻኗ እጅ ፈታ። ሚስትየው ሳትጠየቅ ሁለት እጆቿን ዘረጋችለት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደበራ ቀረ።