የጋሼ ባርኔጣ

ብታምኑም ባታምኑም ይሄ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ሰው አልነገረኝም፣ በህልሜም አላየሁትም። ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ውጪ ፀሐይ እያለ፣ አሮጌው ሲኒማ ቤት ውስጥ...

ሳወራው ከፍርሃቱ ይልቅ ሐፍረቱ ያንገበግበኛል።

በየወሩ አንድ የጥንት ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልም እናሳያለን። ሲያልቅ መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ውበቱ የማወራው እኔ ነኝ። "አዋቂው" ይሉኛል።

አዋቂ! ወይ ጉድ...

የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ጋሼ ነው፤ እዚያው ሲኒማ ቤት ሠላሳ ዓመት ፊልም ያጫወተ ሰው። "ልጄ፣ ፊቱን ተወውና ጥላውን እይ። ሰውየው ሊዋሽህ ይችላል፣ ጥላው ግን አያውቅበትም" ይለኝ ነበር። በመስኮት ፍርግርግ የሚገባ ብርሃን መርማሪውን ራሱን እስረኛ እንደሚያስመስለው ያሳየኝም እሱ ነው።

አንድ አመል ነበረው። ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አያወርድም። ፊልም ሊጀምር ሲል ብቻ አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል።

አንድ ቀን ከተመልካቾች አንዱ "ይሄን ሁሉ ከየት ተማርከው?" አለኝ። ጋሼ እንደ ወትሮው የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

"ራሴን በራሴ" አልኩ።

ጋሼ ተነስቶ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩትም። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት እኔ ነኝ።

ያን ቅዳሜ ፊልሙን የምታጫውተው የጋሼ ሴት ልጅ ነበረች። ከመጀመሩ በፊት ጠጋ አለችኝ።

"ወንድሜ... ዛሬ የአባቴን ስም አንዴ ጥራልኝ። እናቴ መጥታለች።"

እትዬ፣ የጋሼ ሚስት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

"ምን ነካሽ! እሱ እኮ ለእኔም አባቴ ነው" አልኳት።

መብራቱ ጠፋ።

ፊልሙን አስራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። መርማሪው ብቻውን ቢሮው ይገባል። ጥላው ግድግዳው ላይ ያርፋል።

አንድ ጥላ።

የዚያን ቀን ግን ሁለት ነበሩ...

ዓይኔን አሸሁ። ሁለተኛው ጥግ ላይ ተቀምጧል። መርማሪው ሲንቀሳቀስ እሱ አይንቀሳቀስም።

ዞሬ የኋላውን ረድፍ አየሁ። ወንበሮቻችን ሰው ሲነሳባቸው በራሳቸው ይታጠፋሉ። ባዶዎቹ ሁሉ ታጥፈዋል...

ከጋሼ ወንበር በቀር። እሱ ተዘርግቷል። ማንም አልተቀመጠበትም።

ወደ ማጫወቻው ክፍል ሮጥኩ።

"አየሽው?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ጥላውን!"

በትከሻዬ ላይ አሻግራ ታያለች።

"አብሮህ የገባው ማነው?" አለች በሹክሹክታ።

ዘወር አልኩ። ማንም የለም...

ፊልሙ አለቀ። መድረኩ ላይ ወጣሁ። ስለ ጥላው አወራሁ፣ ስለ ፍርግርጉም አወራሁ፤ ሁሉንም በጋሼ ቃል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

አንድ ካሜራ የያዘ ጋዜጠኛ ተነሳ። "ማን አስተማረህ?"

እትዬ ቀና አለች።

አፌን ከፈትኩ። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል እኮ ናት! ግን ካሜራው፣ ጭብጨባው፣ "አዋቂው" መባሉ...

"ራሴን በራሴ" አልኩ።

እትዬ አንገቷን ደፋች። ያኔውኑ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መብራቱ ድርግም አለ።

ከማጫወቻው ክፍል ነጭ ብርሃን መጥቶ ፊቴ ላይ አረፈ። ልጅቷ ግን እዚያ አልነበረችም። ታች በሩ አጠገብ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች...

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉም ከኋላዬ ያለውን ሸራ ያያሉ።

ዞርኩ።

ጥላዬ ሸራው ላይ ቆሟል። እኔ በሕይወቴ ባርኔጣ አድርጌ አላውቅም። እሱ ግን አድርጓል...

ሁለቱም እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

ጥላዬ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳና ባርኔጣውን አወለቀ።