የዘገየው ዱላ

«ዘግይቻለሁ?» አለ ሳህሉ ትንፋሹን እየሰበሰበ። የቤዝቦል ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በመረቡ ውስጥ ያያታል። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ሃሲ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያስደስተኝን ነው የሚነግረኝ።»

ሃሴት ስልኳ ላይ አቀረቀረች። አሁን የቀረጸችውን ቪዲዮ በስሎው ሞሽን አየችው፣ መልሳ ደገመችው። ኳሷ ከወርዋሪው ማሽን ትወጣለች፣ ትመጣለች፣ አጎቷ ፊት ትደርሳለች። ዱላው ግን ገና ከትከሻው መነሳቱ ነው። ዱላው መሀል ሲደርስ ኳሷ አልፋ ከኋላ ያለውን መረብ መትታለች። ይህን ለማየት አሰልጣኝ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

«ኖ፣ ጋሼ» አለች። «ፐርፌክት ነው።»

«ሹር ነሽ?»

«ሹር ነኝ።»

ሳህሉ ፊቱ በራ። ጓንቱን በጥርሱ ይዞ እያወለቀ፣ «በቃ፣ የሳን ሆዜዎቹን ዛሬ ኮል አደርግና ኖ እላቸዋለሁ» አላት። ሃሴት ኳሶቹን ከመሬት እየለቀመች ባልዲ ውስጥ መጨመር ጀመረች።

ሳህሉ የእናቷ የትርፌ ታናሽ ወንድም ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ለሌላ ሰው ገና ጎልማሳ ነው፣ ለቤዝቦል ግን ሽማግሌ። በስድስት ዓመቱ ከአዲስ አበባ አሜሪካ መጥቶ ኦክላንድ አደገ፣ የሰፈር ልጆች ዱላ አስያዙት፣ ከዚያ በኋላ አላስቀመጠውም። አንድ ሰመር ትልቁ ሊግ ድረስ ደርሶ ነበር። ያንን ሰመር የኦክላንድ ሐበሻ እስከ ዛሬ ያወራዋል፤ ያኔ ስታዲየም ያልገባ ሰው ሁሉ ገብቼ ነበር ይላል። ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ከክለብ ክለብ፣ ከከተማ ከተማ ዞረ። ዘንድሮ ኦክላንድ ውስጥ ባለ ትንሽ ክለብ ሊጫወት መጥቶ፣ ሳን ፓብሎ ያለው የእነ ሃሴት ቤት ጋራዥ ውስጥ አልጋውን ዘረጋ። ሃሴት መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስትለው «ሽማግሌ ታደርጊኛለሽ፣ አንተ በይኝ» አላት። «ጋሼ»ን ግን ሊያስጥላት አልቻለም፤ ትርፌ አልፈቀደችም።

ክለቡ ውስጥ ሥራው ዲኤች ነው። ዲኤች ማለት ተራው ሲደርስ ወጥቶ የሚመታ፣ ሌላው ሜዳ ገብቶ ኳስ ሲያሳድድ ግን አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ተጫዋች ነው። ትርፌ መጀመሪያ ጨዋታ ላይ ይህን አይታ በጣም ደነገጠች፣ «ምነው ወንድሜን ብቻውን አስቀመጡት? አጥፍቶ ነው?» ብላ ጠየቀች። የሃሴት አባት ዘነበ፣ የኤርፖርት ቫን ነጂ ነው፣ ቀልድ አያልፈውም። «ድንኳን ሲተከል የማይታይ፣ ምግብ ሲቀርብ ብቻ ብቅ የሚል ዘመድ አለ አይደል? እንደሱ ነው» አላት። ትርፌ እስከ ማታ አኮረፈችው። ሃሴት ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ቀስ በቀስ ገባት። ሌላው ተጫዋች መምታት ቢያቅተው ይሮጣል፣ ኳስ ይይዛል። የዲኤች እንጀራ ዱላው ብቻ ነው። ዱላው ከዘገየ ሌላ የሚያሳየው ነገር የለውም።

የሳን ሆዜው ነገር የመጣው ሰኔ ላይ ነው። አንድ ኮሌጅ ተማሪዎቹን ኳስ መምታት እንዲያስተምርለት ጠየቀው፤ ቋሚ ሥራ፣ ለጉልበቱም ኢንሹራንስ ያለው። መልሱን እስከ ዓርብ ፈልገዋል። ቪዲዮውን የቀረጸችለት ቀን ወደ መለማመጃው ሲነዳ ሳህሉ ሁሉንም ለሃሴት ነገራት። «ማስተማር አያቅተኝም» አላት ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ግን መምታት የሚችል ሰው ለምን ያስተምራል? ዛሬ ቅረጪኝና እዪኝ። ዘግይተሃል ካልሽኝ፣ ፕሮሚስ፣ የስ እላቸዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላይ አይጫንም። ግን ሌላ ማንን ይጠይቅ? አብረውት የሚጫወቱት ልጆች «ኦልድ ማን» እያሉ ያሾፉበታል። አሰልጣኙ መናገሩ ጨንቆት መሰለኝ፣ ሰላም ብሎት ብቻ ያልፋል። ትርፌማ ገና ከመምጣቱ በፊት ሃሴትን ማዕድ ቤት ጠርታ፣ «ሰውዬው ብዙ ነገር አሳልፏል፣ ቃል አውጥተሽ እንዳታስከፊብኝ» ብላታለች። በዚያ ቤት ሽማግሌ አይታረምም፣ እንግዳም እንዲከፋው አይደረግም። ሃሴት ይህን ከቋንቋው በፊት ነው የተማረችው።

ስለዚህ «ፐርፌክት ነው» ስትል ምክንያት አላት። ችግሩ፣ ሌላም ምክንያት ነበራት። ጓደኛዋ ሳሌም ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ዳብሊን፣ ከሄደች ወዲህ ሃሴት ምሳዋን ብቻዋን ነው የምትበላው። ሳህሉ መጣና ጠዋት ጠዋት የምትሄድበት ቦታ፣ የምትስቅበት ሰው አገኘች። ሳን ሆዜ ከሄደ እዚያው ይከራያል፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ያን ቀን መረቡ ጋ ቆማ «ሹር ነኝ» ስትል ያሰበችው ይህንን ነበር፤ ስለ ይሉኝታው ያሰበችው ቆይታ ነው።

ሐምሌን እንደምንም አለፉት። ሳህሉ አንዳንዴ ይመታል፣ አብዛኛውን ይስታል። ነሐሴ ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብዙ ሐበሻ ሊያየው መጣ፤ ነጠላቸውን እንደለበሱ የመጡም ነበሩ። ድሮ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩት፣ ሁሉም «ፕሮፌሰር» የሚላቸው ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሕጉን ለሴቶቹ ያስረዳሉ።

ሳህሉ መጀመሪያ ወጥቶ የተፈቀዱለትን ሦስት ኳሶች ሁሉ ሳተ። ሁለተኛም ወጥቶ ሦስቱንም ሳተ። በሦስተኛው ተራው ሄልሜቱን አድርጎ፣ ዱላውን ይዞ ሲነሳ አሰልጣኙ ክንዱን ያዘውና አንድ ነገር በጆሮው ነገረው። በእሱ ቦታ የሃያ ዓመት ልጅ ወጣ። ሳህሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሜዳ ሲገቡ ሲወጡ እሱ ግን አግዳሚው ላይ ብቻውን፣ ሄልሜቱን ሳያወልቅ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ተቀመጠ። ሃሴት ማየት አቃታት።

«ፀሐይዋ ዓይኑ ላይ ነበረች» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ።

«አዎ፣ ፀሐይዋ ናት» አለች ትርፌ ቶሎ ብላ።

«እኔም አይቻለሁ» አለ ዘነበ፣ ያ ሁሉ ቀልዱ የት እንደገባ እንጃ።

ፀሐይዋ ከሳህሉ ጀርባ ነበረች። ሃሴት ዞር ብላ አየቻቸው፤ ሁሉም የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ሳህሉ ሲወጣ እየተቀባበሉ አቀፉት፣ «አይዞህ፣ ፀሐይዋ ናት» አሉት። እሱም «የስ፣ ፀሐይዋ ናት» አለ። ሃሴት ሰኔ ላይ ለብቻዋ የሠራችውን ነገር አሁን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲሠራው እያየች እንደሆነ ገባትና አፈረች።

ማክሰኞ ክለቡ አሰናበተው። ረቡዕ ጠዋት ሃሴት የማዕድ ቤቱን መስኮት ከፍታ ሰሃን ስታጥብ፣ ሳህሉ ጓሮ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ሰማችው። ሳን ሆዜ ነበር የደወለው። መጀመሪያ ሳቅ ብሎ ጀመረ፣ እንዴት ከረማችሁ፣ ያ ነገር አሁንም ካለ ብዬ ነው አለ። ከዚያ አዳመጠ። «ኦ። ሰው ይዛችኋል። ኖ ኖ፣ ገብቶኛል። ልክ ናችሁ» አለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ። ሃሴት ውኃውን ዘጋች፤ እጇ አረፋ እንደሆነ ቆመች። ሰኔ ላይ አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ ይህ ሰውዬ ዛሬ ሳን ሆዜ ነበር፣ ሥራ ላይ።

ትርፌ ማታ «ለበጎ ነው» አለች። ዘነበ ደግሞ ከኤርፖርቱ አለቃው ጋር ተነጋግሮ፣ ሳህሉ ሰኞ ቫን መንዳት እንዲጀምር አመቻችቶለት ነበር። ሳህሉ አመሰገነና እምቢ አለ። አሪዞና አንድ ክለብ ተጫዋች እየሞከረ ነው፣ ቅዳሜ በመኪና ይሄዳል። «ሃሲ ታውቃለች» አለ ወደ እሷ እየጠቆመ። «ሰመሩን ሙሉ ያየችኝ እሷ ናት። ዱላዬ ገና አልደከመም።» ሁሉም ወደ ሃሴት ዞሩ። ሃሴት ሹካዋን አየች።

ሐሙስ ከሰዓት ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ሳህሉ አልጋው ላይ ሻንጣውን ከፍቶ ካልሲ ያጣጥፋል፤ የታመመውን ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎታል።

«ለአሪዞናዎቹ የማሳየውን ቪዲዮ ጨረስሽልኝ? ምርጥ ምርጡን ብቻ ቁረጪ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።»

ጠዋት ልትጀምረው ሞክራ ነበር። ከባድ አይደለም። ዱላው ኳሷን ከነካበት ላይ ጀምሮ ከተቆረጠ መዘግየቱ አይታይም፤ ኃይሉ ብቻ ይታያል። ያን ያየ ሰው አሪዞና ላይ ይቀጥረዋል። እዚያም ሌላ አግዳሚ ላይ ሄልሜቱን እንዳደረገ ይቀመጣል።

«አልሠራሁትም» አለች።

«ዋይ? ለምን?»

«ጋሼ፣ ትዘገያለህ።» ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «ሰኔም ትዘገይ ነበር። ያን ቀን፣ የሳን ሆዜውን ቀን።»

ሳህሉ ካልሲውን እንደያዘ ቀረ። «ያን ቀን አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

ከጎረቤት የሣር ማጨጃ ድምፅ ይመጣል። ሳህሉ ካልሲውን ሻንጣው ውስጥ ጣል አድርጎ፣ «እንዳይከፋኝ ብለሽ ነዋ» አላት።

ራሷን ብትነቀንቅ ያበቃል። እሱ ራሱ ነው ምክንያቱን ያቀበላት። እናቷ ብትሰማ፣ ደግ ልጅ ናት፣ አጎቷን ላለማስከፋት ነው ትል ነበር። ሰው ሁሉ ያምናል፣ እሱም ያምናል።

«አይደለም» አለች ሃሴት። «እንዳትሄድ ብዬ ነው። አንተ ስትሄድ ብቻዬን ነው የምቀረው። ለራሴ ብዬ ነው የዋሸሁህ።»

ምንም አይደለም እንዲላት ፈልጋ ነበር። አላላትም። ሻንጣውን ወደ ጥግ ገፋና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ የታመመ እግሩን ዘረጋ። ሃሴት እንዲህ ያረጀ መስሎ አይታው አታውቅም።

«ጥሩ ሥራ ነበር፣ ሃሲ» አለ።

«አውቃለሁ። ሶሪ፣ ጋሼ።»

ሳህሉ አጠገቡ ያለውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «አሳዪኝ» አላት።

«ምርጦቹን?»

«ሁሉንም። ከመጀመሪያው።»

ተቀመጠችና ስልኩን በመካከላቸው ያዘችው። የመጀመሪያው ላይ ኳሷ መጣች፣ አለፈች፣ ዱላው ተከተለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ነበር። አንዱ ላይ ሲደርሱ ግን ስልኩን ከእጇ ወስዶ ወደ ዓይኑ አቀረበው። እዚህኛው ላይ ዱላው ኳሷን ለጥቂት ነው የሳታት። ሰመሩን ሙሉ ከሳታቸው ሁሉ የተሻለው ነው፤ ደህና ነው ብትለው ማንም ውሸታም አይላትም።

«ይሄስ?» አላት። እንደ ልጅ ሆኖ ነው የጠየቃት።

ሃሴት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ይሄም ዘግይቷል» አለችና ቀጣዩን ከፈተችለት።