ለማን ልንገር?

«ውሻውን ገደሉት» አለ ኪሩ፣ የወተቱን ጄሪካን ከፒኪፒኪው ሞተር ብስክሌት ላይ እያወረደ። «ትናንት ጥጃ ነከሰ። ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ሲሄድ ይንገዳገዳል። የቡቲዬ መንደር ሰው ሁሉ ያበደ ነው ይላል።»

ቤዚ የያዘችው የብርጭቆ ትሪ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር።

«የቱን ውሻ?»

«ኳስ ሜዳው አጠገብ የሚውለውን፣ ቡናማውን። ምነው?»

«ምንም።»

ወንድሟ ወተቱን ይዞ ወደ እናታቸው ሆቴል ጓዳ ሲገባ እሷ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ያ ውሻ ቅዳሜ ዕለት ሻምሳን ነክሷታል።

ሻምሳ የልጅነት ጓደኛዋ ናት። አባቷ ጋሼ አብዱላሂ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው። ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት የምትማር ነው የሚመስላቸው፤ እሷ ግን ቡቲዬ ሄዳ ከሴቶቹ ቡድን ጋር ኳስ ትጫወታለች። አምና አንዴ ሜዳ ላይ አግኝተዋት፣ «ሁለተኛ ባይሽ ከትምህርትሽ አስቀርሻለሁ» ብለው ዝተውባት ነበር።

ውሻው ባቷን ሲነክሳት ቤዚ አጠገቧ ነበረች። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ሻምሳ በውሃ አጥባ በረጅም ቀሚሷ ሸፈነችው።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ማዪልኝ።»

«ወላሂ።»

«በኔ እምነት አይደለም፣ በራስሽ! ማርያምን በዪ።»

ቤዚም «ማርያምን» አለች።

ትምህርት ቤት እንደደረሰች ሻምሳን ከዛፉ ሥር ጎትታ ወሰደቻትና የሰማችውን ነገረቻት። «ዛሬውኑ ሆስፒታል መሄድ አለብሽ።»

«አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ! ቁስሉ እኮ ድኗል።»

«ቁስሉ ቢድንስ? በሽታው አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። መርፌው ከዚያ በፊት ነው።»

«አባቴ ቢሰማ ትምህርቴ አለቀ ማለት ነው።» የሻምሳ ዓይኖች እንባ አቀረሩ። «ደግሞ ምለሻል።»

ደወሉ ተደወለ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የመምህሩ የሚስተር ጎዳና ነበር፤ ስለ ጥንታዊ ግሪኮች አስተማሩ። «ድፍረት ማለት በፈሪነትና በግብታዊነት መካከል ያለው ነው ይሉ ነበር» አሉ።

ቤዚ እጇን አወጣች። «መካከሉ የት እንደሆነ በምን ይታወቃል ቲቸር?»

«በማስመሪያ አይለካማ! እንደ ነገሩ፣ እንደ ሰውዬው፣ እንደ ጊዜው ነው። ለዚህ ነው ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም፣ ማስተዋል ይፈልጋል ያሉት። ማስተዋል የሌለው ቅን ሰው ላግዝ ብሎ ያጠፋል።»

«ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ ብራያን ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ቤዚ ግን አልሳቀችም።

ለምሳ ሲለቀቁ እየሮጠች በቀጥታ ጋሼ አብዱላሂ ሱቅ ሄደች። ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቷል። ከኦዳ መንደር የመጡ ሽማግሌዎች ባንኮኒውን ተደግፈው ስኳር ያስመዝናሉ።

«አቤት ቤዚ፣ ምን ፈለግሽ?» አሏት ጋሼ አብዱላሂ።

አፏን ከፈተች። ሽማግሌዎቹም ዞር ብለው አዩዋት። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ‹ሻምሳ ዋሽታ ቡቲዬ ሄዳ› ብላ ብትጀምር ጋሼ አብዱላሂ የሚሰሙት ውርደታቸውን ብቻ ነው። ንክሻው ይረሳል፤ ቀኑ በቁጣ ያልቃል።

«ክብሪት» አለች።

ክብሪቱን ጨብጣ ወጣች። ዝም ማለት አይቻልም። መጮህም አይቻልም። ታዲያ ማን አለ? ጋሼ አብዱላሂ ንግግሯን የማያቋርጧት አንዲት ሴት ትዝ አለቻት፤ ታላቅ እህታቸው፣ ሻምሳ ‹አዳዳ› የምትላቸው አክስቷ ዳሃቦ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሻምሳን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

ግን በቀጥታ ወደሳቸው አልሄደችም። ተመልሳ ሻምሳን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘቻት።

«መሐላዬን አፈርሳለሁ» አለቻት። «ተደብቄ ግን አላፈርስም። አሁን አዳዳ ዳሃቦ ጋ እየሄድኩ ነው። ስለ ውሻው ብቻ ነው የምነግራቸው። አብረሽኝ ብትመጪ ደስ ይለኛል።»

«ከሃዲ!»

«እሺ፣ ከሃዲ ነኝ።»

ጉዞ ጀመረች። ከኋላዋ ኮቴ እስክትሰማ ድረስ ዞር አላለችም። ሻምሳ እያለቀሰች ትከተላት ነበር።

አዳዳ ዳሃቦ እየሰሙ ጨርቅ ማጠፋቸውን አላቆሙም። ቤዚ ‹ያበደ ውሻ› የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ጨርቁን ጣሉት። የሻምሳን ቀሚስ ገለጥ አድርገው ባቷን አዩና አንድም የቁጣ ቃል ሳይናገሩ ፒኪፒኪ ጠሩ። ሦስቱም ተጣበው በአንዱ ላይ ወጡ።

ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ጆይስ ቁስሉን በሳሙና ደጋግማ አጠበች። «ፖሌ፣ አይዞሽ፣ ያማል» እያለች መርፌውን ወጋቻት። ከዚያ በየቀጠሮው እየመጣች መርፌዋን መጨረስ እንዳለባት አስረዳቻት።

«ትድናለች?» አለች ቤዚ።

«ምልክት ሳይታይ ነው የመጣችው። መርፌዋን ካላቋረጠች አትፍሪ።»

ቤዚ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። ከጠዋት ጀምሮ የያዛት ጭንቀት ሲለቃት ሳቅም ልቅሶም መጣባት። ሻምሳ አጠገቧ ተቀመጠችና ትከሻዋን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት።

ጋሼ አብዱላሂ እያለከለኩ ደረሱ። እህታቸው አስጠርተዋቸው ነበር። በርከክ ብለው የልጃቸውን እግር አዩ፤ ራሷን ዳበሱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ደጋግመው። ቆይተው ግን ወደ ቤዚ ዞሩ። «ቡቲዬ ምን ትሠራ ነበር?»

ከኪሩ ጋር ወተት ልታመጣ ሄዳ ነው ብትል ያምኗታል። እውነቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሻምሳ አንገቷን ደፍታለች።

«ጋሼ አብዱላሂ» አለች ቤዚ፣ «እሱን ከኔ ሳይሆን ከሷ ቢሰሙት ይሻላል።»

ሻምሳ ቀና አለች።

«አባ፣ ማጠናከሪያ የሚባል የለም። ኳስ ስጫወት ነው የነከሰኝ።»

የአባትየው እጅ ራሷ ላይ እንዳለ ቀረ። አዳዳ ዳሃቦ ወንድማቸውን አተኩረው አዩዋቸው።

«ስለ ውሸቱ ቤት እንነጋገራለን» አሉ ጋሼ አብዱላሂ በመጨረሻ።

ቤዚ ተነሳች። ከዚህ በኋላ ያለው የአባትና የልጅ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ የጋሼ አብዱላሂ ድምፅ ዝግ ብሎ ተሰማት፤

«ለመሆኑ... አጥቂ ነሽ ተከላካይ?»

መልሱን ለመስማት አልቆመችም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።