የላላጂ ጋሪ የመጀመሪያ ገዢ

ከተማው በአክብሮት «ላላጂ» የሚላቸው ነጋዴ፣ ላላ ጁጋል ኪሾር ታንደን፣ በገዛ ሽቶ ማጣሪያቸው፣ በማቀዝቀዣው ገንዳ ውስጥ በፊታቸው ተደፍተው ተገኙ። ማገዶው በዝናብ ስለራሰ ሠራተኞቹን ከጠዋት አሰናብተዋቸው ነበር፤ የመዳብ ጋኖቹም ቀዝቅዘዋል። «አዳልጧቸው ነው» የሚለው ወሬ ብዙ አልቆየም። ማጅራታቸው ላይ ያለውን ቁስልና ገንዳው አጠገብ የተጣለውን የማገዶ ፍልጥ ያየ ሁሉ ነገሩ ገብቶታል።

ኢንስፔክተር ቢምላ ካትያር ስትደርስ የሽቶ ከተማዋ ካናውጅ ገና በዝናብ ትደበደብ ነበር። ይቺ ሴት መቀመጥ የሚባል ነገር አልተፈጠረላትም። ወንበር ሲቀርብላት በእግሯ ገፋ ታደርገውና ትንጎራደዳለች፤ አብሯት ያለ ሰውም ሳይወድ በግዱ ይቁነጠነጣል። ኮንስታብል ቶማር ግን ጉዳዩን ጨርሶ ነው የጠበቃት።

«ማዳም፣ ልጅቷ ናት። ከቀትር በኋላ እዚህ ቤት ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ካቴናውን ላምጣው?»

«እስቲ ቆይ፣ ቶማር። ዝናቡ እንኳ እስኪያባራ ታገሠኝ።»

ልጅቷ ፋርሂን ትባላለች፤ ከካንፑር የመጣች ድረ ገጽ ሠሪ ናት። የላላጂ ሱቅ ዓመት ሙሉ ፎቶ ብቻ የሚያሳይ ድረ ገጽ ነበረው። እሷ የተቀጠረችው ገዢው ከቤቱ ሳይወጣ ጠርሙሱን የሚመርጥበት፣ የሚከትበትና የሚከፍልበት የግዢ ጋሪ እንድትጨምርበት ነው። አሁን ነጋዴና ገዢ በሚቀመጡበት፣ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት የሱቁ ፍራሽ ጥግ ኩርምት ብላለች። እናቷ ደጋግማ ትደውላለች፤ ቶማር ስልኩን እንዳታነሳ ከልክሏታል። ዛሬ በካቴና ከዚህ ከወጣች፣ ነገ ቢፈቷት እንኳ ሥራ የሚሰጣት ነጋዴ እንደማይኖር ታውቃለች። በእኛ ከተማ ሐሜት ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻቸው መቼ ነው?» አለች ቢምላ።

«ከምሳ በፊት። ‹የጋኖቹን ፎቶ ላንሳልሽ› ብለው ስልካቸውን ይዘው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ማጣሪያ ወረዱ።»

«ከዚያስ?»

«ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ ደወለ። ጋሪው ውስጥ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ገባ። አንድ ጠርሙስ የጽጌረዳ ሽቶ፣ ክፍያው ዕቃው ሲደርስ። ከላላጂ ስልክ፣ በላላጂ ስም። ያኔ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ይህንንም ለኮንስታብሉ የነገርኩት እኔው ነኝ።»

«በገዛ አፍሽ ጉድጓድሽን ቆፈርሻ።»

«እውነቱን ነዋ የተናገርኩት! ግን ገርሞኛል። ጠዋት ልሞክረው ስል እጄን ይዘው ከልክለውኝ ነበር።»

ቢምላ መንጎራደዷን አቆመች።

«ምን ብለው?»

«‹ልጄ፣ ይሄ ጋሪሽ ፈረስ የለው፣ ጎማ የለው፤ ቦህኒ እንኳ ይኑረው እንጂ!› አሉኝ። ቦህኒው፣ ማለትም የመጀመሪያው ሽያጭ፣ ከእውነተኛ ገዢ ካልሆነ ገበያው አይባረክም አሉ። አባቴ አምባር ሻጭ ነበር፤ እኔን ስለ ቦህኒ ማስተማር አያስፈልግም። ተውኩት።»

«ሌላ የተናገሩት ነገር አለ?»

«ከሩቋ ኢንዶር ከተማ አንዲት ሴት በድረ ገጹ ጽፋ ነበር፤ ሽቶአችሁ ራስ ያሳምማል ብላ። ሳነብላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ‹ጋሪው ሳይከፈት ቤቴን ልጥረግ› አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።»

መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። በዚያ ወበቅ ውስጥ ጅምላ ነጋዴው ላልታ ፕራሳድ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። የላላጂን ሽቶ ለዓመታት እየገዙ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ጋሪው ከተከፈተ ገዢው በቀጥታ ወደ ሱቁ ይሄድባቸዋል።

«ዛሬ ጠዋት ‹እገልሃለሁ› ብለዋቸዋል አሉ» አለች ቢምላ።

«ብዬዋለሁ። እገልሃለሁ ያላልኩት የበዓል ቀን ብቻ ነው!» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። «ደግሞም እንደመጣሁ አይደለም ያልኩት። ገና ምንም አልሸጠም ነበር፤ የቀኑ የመጀመሪያ ሰው እኔ ነኝ። ትንሿን ጠርሙስ ሳልከራከር በጥሬ ብር ገዛሁ፤ ብሩን ግንባሩን አስነክቶ ሲያስቀምጥ ጠበቅኩ፤ ስድቤን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ባለጌ አይደለሁም!»

ቢምላ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከገንዳው አጠገብ ያነሳችውን የጠርሙስ ስባሪ አቀረበችላቸው።

«ያሽቱልኝ።»

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ሳቡና ፊታቸውን አዞሩ። «ጠርሙሱ የዚህ ቤት ነው። ውስጡ ግን ርካሽ የፓራፊን ዘይት ነው፤ ጽጌረዳ በመንገድ አልፎበት ይሆናል። ጁጋል ይህን ከሚሸጥ ምላሱን ይቆርጣል።»

የቀረው የላላጂ አማች አኑፓም ነበር። አባቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እሱም የላላጂን አንድ ልጅ ምሪዱላን እስኪያገባ ድረስ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። አሁን ወደ ሩቅ ከተሞች የሚሄደውን ሽቶ በጠርሙስ እየሞላ የሚልከው እሱ ነው። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ከሁሉም ይልቅ ረጋ ብሏል።

«እኔና ሚስቴ ከቀትር ጀምሮ ቤተ መቅደስ ነበርን» አለ። «ትዕዛዙ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አባባ በዚያ ሰዓት ስልካቸውን እየነካኩ ነበር ማለት ነው።»

«ለምን ያዘዙ ይመስልሃል?»

«ለሙከራ ነዋ! የትኛው ነጋዴ ነው ዕቃውን ሳይሞክር ሱቅ የሚከፍት?»

ቢምላ ምሪዱላን ወደ ጓዳ ወስዳ ጥቂት አነጋገረቻትና፣ ሁሉም ፍራሹ ላይ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ራሷ ግን በመካከላቸው መመላለሷን ቀጠለች።

«ቶማር፣ የላላጂን ስልክ የት አገኘኸው?»

«እዚሁ ፍራሽ ላይ፣ ትራሱ ሥር።»

«ርሷል?»

«ደረቅ ነው፣ ማዳም።»

«ሰውየው ስልካቸውን ይዘው ወደ ማጣሪያው ወረዱ። ከዚያ በሕይወት አልተመለሱም። ስልኩ ግን ደረቅ ሆኖ ተመልሷል። እንግዲህ የገደላቸው ሰው ወስዶት ነበር ማለት ነው። ፋርሂን፣ ስልኩን ያለ ባለቤቱ መክፈት ይቻላል?»

«የይለፍ ቁጥሩ እየጠፋባቸው ስላስቸገራቸው እንዳነሳው አዘውኝ ነበር። በጋሪው እንዴት እንደሚታዘዝም ለሁሉም ትናንት አሳይቻለሁ።»

«ስለዚህ ትዕዛዙ ከላላጂ ስልክ ስለመጣ ላላጂ አዘዙ ማለት አይደለም። ይህ ጋሪ ከቤት ውስጥም፣ ከመንገድም፣ ከቤተ መቅደስ በረንዳም ይገፋል። ታዲያ ማን ገፋው?» ወደ ላልታ ዞረች። «እርስዎ ቢሆኑ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ እንዲያ ይልኩ ነበር?»

«በዱቤ? ቦህኒውን በዱቤ?» ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። «በጠላቴም ሱቅ አላደርገው!»

«እናቴ የዘይቱን ፍሬ በጋሪ እየገፋች ትሸጥ ነበር» አለች ቢምላ። «የመጀመሪያው ገዢ ሳይመጣ እኔን ልጇን እንኳ አታስቀምሰኝም ነበር። እርስዎ፣ ላልታጂ፣ ሊሰድቡት በመጡት ሰው ሱቅ እንኳ ቦህኒውን አክብረው ነው የተሳደቡት። ፋርሂን የአምባር ሻጭ ልጅ ናት፤ ሲከለክሏት ገብቷታል። ምሪዱላ እዚህ ፍራሽ ላይ ነው ያደገችው። የገዛ ሱቅን ቦህኒ በውሸትና በዱቤ መክፈት ነውር መሆኑን የማያውቅ ሰው እዚህ አንድ ብቻ ነው። ‹ለሙከራ ነዋ› ያለኝ ሰው።»

አኑፓም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በአጉል እምነት ነው ሰው የምታስሪው?»

«አይደለም፣ በፓራፊን ነው። ከኢንዶር የተጻፈው ላላጂን ያስጠረጠራቸው አንተ የሞላኸውን ጠርሙስ ነው። አውጥተው አሸተቱት። ከቀትር በፊት ጃንጥላ ረሳሁ ብለህ ስትመለስ በጓሮ በር ገብተህ ማጣሪያው ውስጥ አገኙህ፤ ጠርሙሱን ፊትህ ላይ ያዙት። ፍልጡን ያነሳኸው ያኔ ነው። ስልኩን ኪስህ ከትተህ ሄድክ፤ ከሰዓት በኋላ በሕይወት ያሉ እንዲመስሉ አዘዝክበት፤ ስትመለስ በጫጫታው መሀል ትራስ ሥር ከተትከው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው!»

«ምሪዱላ» አለች ቢምላ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጓዳ ውስጥ የነገርሽኝን ንገሪያቸው።»

ምሪዱላ ባሏን አላየችውም። አባቷን ያጣችው ከሰዓታት በፊት ነው፤ አሁን ደግሞ ባሏን በገዛ አፏ ልታጣ ነው።

«ወደ ቤተ መቅደስ በሚወስደን ሪክሾ ውስጥ ነው የጠበቅኩት። ጃንጥላውን ሳይዝ ተመለሰ» አለች። «ቤተ መቅደሱ በረንዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልክ ይነካካ ነበር። ከእጁ ቀይ ክር ተንጠልጥሎ አየሁ። የበረከት ክር ተቀብሎ መስሎኝ ደስ አለኝ።»

ቶማር የላላጂን ስልክ ከፍ አድርጎ ያዘው። እንዳይጠፋ ብለው ጫፉ ላይ ያሰሩት ቀይ ክር ተንጠለጠለ።

«አባባ ራሱ ነው ያሰረው» አለች ምሪዱላ። «አኑፓም፣ እንዴት አስቻለህ?»

አኑፓም ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «ይኼ የተረገመ ጋሪ ባይመጣ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር» አለ ብቻ። ካቴናው ገባለት።

ቶማር የፋርሂንን ስልክ ዐይኑን ሰበር አድርጎ መለሰላት። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«ደህና ነኝ፣ እማ» አለች እያለቀሰች። «ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ።»

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ምሪዱላ ሱቁን ከፈተች። መጀመሪያ የጠራችው ፋርሂንን ነው፤ የሐሰቱን ትዕዛዝ አስደመሰሰቻት። ጋሪው እንደገና ባዶ ሆነ። ቢምላም «በዚህ በኩል ሳልፍ ነው» ብላ ገብታ ከበሩ እስከ መደርደሪያው ትመላለሳለች።

ላልታ ፕራሳድ አዲስ ስልክ ይዘው ብቅ አሉ።

«እስካሁን ማንም አልገዛም?»

«ማንም፣ አጎቴ» አለች ምሪዱላ።

ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ስልኩን ለፋርሂን ዘረጉ። «ታዲያ አሳዪኛ። የት ነው የሚነካው?»

«ጽጌረዳውን ይምረጡ። እዚህ ይንኩ። ገባ፤ ጋሪው ውስጥ ነው። አሁን መክፈል ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ዋጋውን አይተው አፋቸውን ከፈቱ። ቦህኒ ባይሆንና ላላጂም በሕይወት ቢኖሩ እስከ ምሳ ይጨቃጨቁበት ነበር። አፋቸውን መልሰው ዘጉና ሙሉውን ከፈሉ።

ኮምፒውተሩ ደወለ። ምሪዱላ ግንባሯን የምታስነካው ብር ፈለገች፤ በእጇ ምንም የለም። እጇን በሚያበራው የኮምፒውተሩ ገጽ ላይ አሳርፋ ወደ ግንባሯ ወሰደችው፤ አባቷ በየማለዳው ያደርጉት እንደነበረው። ላልታ ፕራሳድ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ቢምላም ለመጀመሪያ ጊዜ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።